ራሱን ስለሚሸሽግ ደዌ፦ የሄፓታይተስ ሲ ብዛትና የምርመራው ጥቅም



አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ ሲገሥጹ የኖሩት፣ ሕመሙን እያወቀ በሐፍረት ወይም በፍርሃት የሚሸሽገውን ሰው ነው። ተግሣጹ እውነተኛ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ባለቤቱ ስለሚደብቀው ሕመም ልናገር ሳይሆን ራሱን ከባለቤቱ ስለሚደብቅ ደዌ ልናገር ነው። ይህ ደዌ ያደረበት ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ልጅ ወልዶ ለወግ ለማዕርግ ያበቃል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ግን ከቀኝ ጎድኑ ሥር ያለው ጉበቱ በዝምታ ይቈስላል፣ ይጠግጋል፣ ደግሞም ይቈስላል። ሃያና ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ሆዱ ውኃ ቋጥሮ ወይም ደም አስታውኮ በሰው ትከሻ ሐኪም ቤት ሲደርስ፣ ሐኪሙ የሚነግረው ገና በጕልማሳነቱ ወደ ገላው ስለ ገባና ሳያውቀው አብሮት ስላረጀ እንግዳ ነው። ይህ እንግዳ ሄፓታይተስ ሲ የተባለ ቫይረስ ነው።

ጉበት በሰው ገላ ውስጥ ካሉት ብልቶች ሁሉ ትዕግሥተኛው ነው። ከምንበላው ሁሉ የሚጠቅመውን ለይቶ የሚያኖር፣ መርዙን የሚያከሽፍ፣ ሐሞትን የሚያመነጭ፣ ደም ሲፈስ የሚያረጋውን ቅመም የሚያዘጋጅ እርሱ ሲሆን፣ ከፊሉ ቢጐዳ የቀረው ክፍል የጐደለውን ሥራ ደርቦ ይሠራል፤ ተቈርጦ ቢወጣለትም እንኳ ተመልሶ ያድጋል። ይህ ትዕግሥቱ በሌላው ጊዜ ሁሉ በረከት ሲሆን በዚህ ደዌ ጊዜ ግን መዘዝ ይሆንበታል፤ የማይጮኸውን ማንም አይደርስለትምና። ቫይረሱ አዲስ ከገባባቸው 10 ሰዎች ምናልባት 8ቱ አንዳች ምልክት አያዩም። በሕዝባችን ዘንድ «የወፍ በሽታ» የሚባለው፣ ዓይንን ቢጫ ሽንትንም እንደ ሻይ የሚያጠቁረው ሕመም፣ ጉበት መነካቱን ከጥንት ጀምሮ ያስታወቀን ምልክት ነው፤ ሆኖም በሄፓታይተስ ሲ መጀመሪያ ላይ ይህ ምልክት የሚታየው በጥቂቶች ላይ ብቻ ነው። ነቀዝ የገባበት ጎተራ ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ ባለቤቱ ባዶ መሆኑን የሚያውቀው እጁን የሰደደ ቀን ነው።

ቫይረሱ ከገባባቸው ከ100 ሰዎች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ያለ መድኃኒት በ6 ወር ጊዜ ውስጥ በገላቸው ኃይል ብቻ ያስወጡታል። የቀሩት ግን ይዘውት ይኖራሉ። ከነዚህም ውስጥ በ20 ዓመት ጊዜ ከ100 ከ15 እስከ 30 የሚሆኑት ጠባሳ በጠባሳ ላይ ተደራርቦ ጉበታቸው ይጠጥራል፤ ይህንንም ሐኪሞች ሲሮሲስ ይሉታል፤ ሲሮሲስ የያዘው ጉበት ደግሞ ለነቀርሳ የተመቸ ማሳ ነው። መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ይህን መንገድ ፈጥኖ ይጨርሰዋል፤ ቫይረሱና አልኮሉ በአንድ ብልት ላይ በሁለት ወገን የሚዘምቱ ጠላቶች ናቸውና።

ሊቃውንቱ ራሳቸው ይህን ደዌ ያወቁት በቀጥታ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ስለ አምላክ ባሕርይ ሲያስተምሩ የማይታይ፣ የማይዳሰስ፣ የማይመረመር እያሉ በአሉታ እንደሚናገሩ፣ የሕክምና ሊቃውንትም ይህን የረቀቀ ጠላት ብዙ ዓመት «እንዲህ ያልሆነ» እያሉ ሲጠሩት ኖሩ። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ1960ዎቹ ዓመታት ባሩክ ብሉምበርግ የሄፓታይተስ ቢን ቫይረስ አገኘ፤ በ1973 የሄፓታይተስ ኤ ቫይረስ ታየ፤ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ግን ሃርቪ አልተር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ደም ከተሰጣቸው በኋላ ጉበታቸው የታመመባቸውን ሰዎች ሲመረምር፣ ሕመማቸው ከኤም ከቢም ያልሆነ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ የደዌው ስም «ኤም ያልሆነ ቢም ያልሆነ» ተብሎ ቀረ። በ1989 ማይክል ሃውተንና የሥራ ጓደኞቹ የቫይረሱን ዘር ከደም ውስጥ አውጥተው እስኪያሳዩ ድረስ አሉታው ስም ሆኖ ኖረ። በ1997 ቻርልስ ራይስ ቫይረሱ ብቻውን ሕመሙን ለማምጣት እንደሚበቃ አረጋገጠ፤ አልተር፣ ሃውተንና ራይስም በ2020 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ ጠላቱ ስም ካገኘ ገና ዐርባ ዓመት አልሞላውም፤ የሰው ልጅ ግን ከዚያ በፊት ለብዙ ትውልድ ሳያውቀው ተሸክሞታል።

ስለ ብዛቱ የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስታውቀውን ልንገራችሁ። በ2022 በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ሲ ነበረባቸው፤ በየዓመቱ 1 ሚሊዮን ያህል አዳዲስ ሰዎች ይያዛሉ፤ በዚያው በ2022 ብቻ 242,000 ሰዎች ሞተውበታል። እኔን እጅግ የሚያስደነግጠኝ ግን ሌላው ቍጥር ነው፤ ከነዚህ ሁሉ ሕሙማን መካከል እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ መያዛቸው በምርመራ የተነገራቸው ከ100 36ቱ ብቻ ናቸው፤ መድኃኒት ያገኙት ደግሞ ከ100 20 ናቸው። ይህን ስናገር ከ30 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ፣ ይህም የአንድ ትልቅ አገር ሕዝብ የሚያህል፣ በገላው ውስጥ ምን እንዳለ ሳያውቅ ዛሬ ማለዳ ተነሥቶ ወደ ሥራው ሄዷል ማለቴ ነው።

ክቡራን ሆይ፤ ቍጥር ብቻውን ልብ አይነካምና የአንድን አገር ታሪክ በምሳሌነት አቀርባለሁ፤ ይህችም አገር የዓባይን ውኃ ከኛ ተቀብላ የምትጠጣው ግብፅ ናት።

የግብፅ ገበሬ ከፈርዖን ዘመን ጀምሮ እግሩን በመስኖ ውኃ ውስጥ ነክሮ ሲያርስ፣ በውኃው ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ የሚወጣ ትል ቆዳውን በስቶ እየገባ ደም ያሸናው ነበር። ትሉን በ1851 በካይሮ ያገኘው ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ ስለሆነ ደዌው ቢልሃርዝያ ተባለ፤ ዕንቍላሉ ግን ከጥንታውያን ግብፃውያን በድን ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል። በ1918 ክሪስቶፈርሰን የተባለ ሐኪም በካርቱም ሆኖ ከአንቲሞን የተሠራ መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጥ ትሉን እንደሚገድል አስታወቀ፤ የግብፅ መንግሥትም ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሕዝቡን ከዚህ ጥንታዊ መቅሠፍት ለማዳን በየመንደሩ ታላቅ የመርፌ ዘመቻ አካሄደ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ሥራውም በትጋት ተሠራ።

በዚያ ዘመቻ ጊዜ ሥራውን ያየ አንድ ጐብኚ የጻፈው ማስታወሻ አለ። አንድ እጀ ቀልጣፋ ሐኪም ከጧቱ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ መውጋት ጀምሮ፣ 4 ሰዓት ከ10 ላይ ወንድ ሴት ሕፃን ሳይለይ 504 መርፌ ወግቶ ጨረሰ፤ በመካከሉ ያረፈበት 10 ደቂቃ ሲቀነስ ለአንዱ ሰው የደረሰው ጊዜ 5 ሰከንድ አይሞላም። የተወጋበት መርፌ በአንድ ሣሕን ላይ ይጣላል፤ ረዳቷ አንሥታ ታጥበዋለች፤ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ካፈላችው በኋላ ተሰልፎ ለሚጠብቀው ለሌላው ሰው ታቀርበዋለች። ጐብኚው ይህን የጻፈው በአድናቆት ነበር። ያች የአንድ ደቂቃ ፍላት ግን በመስታወቱ ቱቦና በመርፌው ቀዳዳ ውስጥ የቀረውን የደም ጠብታ ለማንጻት አልበቃችም፤ ሕክምናውም አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ አልነበረም፤ ለሳምንታት ይደጋገም ነበር። እንዲህ ሆኖ ገና ስም ያልወጣለት ቫይረስ ከአንዱ ገበሬ ወደ ሌላው፣ ከአባት ወደ ልጅ፣ በፈውስ እጅ ተሻገረ። መርፌው በሚዋጥ እንክብል ከተተካ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2008 በተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 59 ከሆነ ግብፃውያን መካከል ከ100ው ወደ 15 በሚጠጉት ደም ውስጥ የሄፓታይተስ ሲ ምልክት ተገኘ፤ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ይህን ያህል የተያዘበት ሌላ አገር አልነበረም።

ይህን ታሪክ ስናገር አንድ የወገናችንን ሥራ ሳላነሣ ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ግብፅ በመርፌ ትሉን ስትዋጋ ሳለች፣ በ1964 በአድዋ ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባለው ወጣት ተመራማሪ፣ ሴቶች ወንዝ ዳር ተቀምጠው በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አየ፤ ከዚህም ተነሥቶ እንዶድ የቢልሃርዝያን ትል የሚያሳድረውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አስረዳ። ሰንሰለቱን ከሰው ደም ሥር ሳይደርስ ገና በውኃው ውስጥ ሳለ መበጠስ ማለት ይህ ነው። እርሱና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ስለዚህ ሥራቸው ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነው፤ የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ማንነት ለዓለም የተገለጠውም በዚያው ዓመት ነበር።

ወደ ግብፅ ልመለስ። ከ2013 ማብቂያ ጀምሮ ለዚህ ደዌ በአፍ የሚዋጥ አዲስ መድኃኒት ተገኘ፤ 12 ሳምንት ያህል በየቀኑ ሲዋጥ ከ100 ሕሙማን ከ95 የሚበልጡትን ፈጽሞ ያድናል። ዋጋው በአሜሪካ ለአንዱ እንክብል 1,000 ዶላር፣ ለሙሉ ሕክምናው 84,000 ዶላር ነበር፤ ግብፅ ግን ተከራክራ በ2014 በ900 ዶላር አገኘችው፤ ኋላም በገዛ ፋብሪካዎቿ እየሠራች ከ100 ዶላር በታች አወረደችው። ሕሙማኑም በብዙ መቶ ሺሕ እየተመዘገቡ ታከሙ። ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ግን ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ፤ መድኃኒቱ በመጋዘን ተከምሮ ሳለ ተራ የሚጠብቅ በሽተኛ ጠፋ። ሕሙማኑ አልቀው አልነበረም፤ መታመማቸውን የሚያውቁት ናቸው ያለቁት። የቀሩት ሚሊዮኖች በየቤታቸው ጤነኞች ነን ብለው ተቀምጠዋል። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ የተመሠረተው በዚህች አንዲት ነገር ላይ ነው፤ መድኃኒት ያለው ደዌ ሆኖ ሳለ ሰው የሚሞትበት፣ በመድኃኒቱና በሰውየው መካከል ያለማወቅ ግድግዳ ስለ ቆመ ነው።

ግብፅ ይህን ግድግዳ ለማፍረስ ከጥቅምት 2018 እስከ ሚያዝያ 2019 ባሉት ሰባት ወራት ለአካለ መጠን የደረሰውን ሕዝቧን ሁሉ በነፃ ለመመርመር ተነሣች። በሆስፒታል፣ በጤና ጣቢያና በተንቀሳቃሽ መኪና ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ጣታቸውን ለመርፌ ሰጡ፤ 2.2 ሚሊዮን የሚሆኑትም የቫይረሱ ምልክት ተገኘባቸው። የታከሙት ጠቅላላ ቍጥር ከ4 ሚሊዮን በለጠ። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ሄፓታይተስ ሲን ወደ ማጥፋት በሚወስደው መንገድ ላይ የወርቅ ደረጃ የሰጣት የመጀመሪያዋ አገር ግብፅ ሆነች። በመርፌ የተዘራው በመርፌ ጫፍ ታወቀ፤ በአንድ ትውልድ የገባው ደዌ በሌላው ትውልድ ወጣ።

እንግዲህ ምርመራው ምን እንደሆነ ላስረዳ። የመጀመሪያው ምርመራ ከጣት የሚወሰድ የደም ጠብታ ነው፤ ጠብታው በትንሽ መመርመሪያ ላይ ይደረግና ሃያ ደቂቃ ያህል ሲጠበቅ አንድ ወይም ሁለት ቀይ መስመር ይታያል። ሁለተኛው መስመር የሚያሳየው ቫይረሱን ራሱን አይደለም፤ ገላችን እንግዳውን ለመቃወም ያሰለፈውን አንቲቦዲ የተባለውን ዘብ ነው። ይህን በደንብ መረዳት ይገባል። ማለዳ ተነሥታችሁ በግቢያችሁ የጅብ ኮቴ ብታዩ፣ ጅቡ ሌሊት መጥቶ እንደ ነበረ ታውቃላችሁ፤ አሁንም በጓሮ ተደብቆ እንዳለ ወይም ሄዶ እንደሆነ ግን ከኮቴው ብቻ አታውቁም። አንቲቦዲም እንዲሁ ነው፤ ቫይረሱ በራሱ ጊዜ ቢወጣም፣ በመድኃኒት ቢጠፋም፣ ኮቴው ዕድሜ ልክ ይቀራል። ስለዚህ ሁለት መስመር የታየበት ሰው ሳይደነግጥና ሳይዘናጋ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገውን ሁለተኛ የደም ምርመራ ማድረግ አለበት፤ መድኃኒት የሚታዘዘው በዚህ በሁለተኛው ነው። ደግሞም አዲስ የተያዘ ሰው ዘቡን እስኪያሰልፍ ድረስ ሁለትና ሦስት ወር ሊያልፍ ስለሚችል፣ ቅርብ ጊዜ አደጋ የደረሰበት ሰው ምርመራውን ቢደግመው መልካም ነው።

በጊዜ መመርመር የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ነው። ጉበቱ ሳይጠጥር የታከመ ሰው እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ይኖራል፤ ከጠጠረ በኋላ የታከመው ግን ቫይረሱ ቢወጣለትም የነቀርሳው ሥጋት ስለማይለቀው ዕድሜውን በሙሉ ሐኪም እየጐበኘው መኖር አለበት። ራሱን ያወቀ ሰው መጠጥ ይተዋል፣ ምላጩንና የጥርስ ቡርሹን ለብቻው ያደርጋል፣ ደም ከመለገስ ይታቀባል፣ ክትባት ያላቸውን ኤንና ቢን ይከተባል፤ ለሄፓታይተስ ሲ ራሱ እስካሁን ክትባት አልተገኘለትምና ከክትባት ይልቅ የምናጥረው አጥር ዕውቀት ነው።

በአገራችን ከሄፓታይተስ ሲ ይልቅ ሄፓታይተስ ቢ ይበዛል፤ ሆኖም ሲም አለ፤ የሚመጣበትም መንገድ ደም ከደም ጋር የሚገናኝበት መንገድ ሁሉ ነው። በየገጠሩ መርፌ ወጊ የሚባለው ሰው በአንድ መርፌ ስንቱን እንደ ወጋ፣ በዋግምት ደም ሲቀዳ፣ እንጥል ሲቈረጥ፣ ድድና ግንባር ሲነቀስ፣ ልጆች ሲገረዙ ምላጩ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ከእነዚህ አንዱ የደረሰበት፣ ደም መመርመር ከመጀመሩ በፊት ደም የተሰጠው፣ እናቱ የተያዘችበት፣ ኤች አይ ቪ ያለበት፣ ኩላሊቱ ታሞ በመሣሪያ ደሙ የሚታጠብለት ሰው ሳይውል ሳያድር ቢመረመር ይጠቀማል። በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችንም የዚያው አገር የጤና ባለሥልጣናት ከ2020 ጀምሮ ማንም ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ቢያንስ በዕድሜው አንድ ጊዜ እንዲመረመር መክረዋል። ነገር ግን ከገበታ አብሮ በመብላት፣ በመጕረስና በማጕረስ፣ በመተቃቀፍ፣ ጡት በማጥባት አይተላለፍም፤ ስለዚህ የተያዘን ሰው ከመሶብ ማራቅ ዕውቀት የጐደለው ጭካኔ ነው።

ደግሞም እፍረት አይገባም። ከተያዙት ብዙዎቹ የተያዙት መዳን ፈልገው ክንዳቸውን በሰጡበት ሰዓት ለመሆኑ የግብፅ ገበሬ ምስክር ነው። በወንጌል የተነገረለት መፃጉዕ 38 ዓመት በአልጋው ላይ ሲኖር ሕመሙን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያይለት ነበር፤ ወደ መጠመቂያው ውኃ የሚያስገባው ሰው ነው ያጣው። የዛሬው ሕመምተኛ ግን የሚያስገባው ሰው ቆሞ እየጠበቀው፣ መድኃኒቱም ተዘጋጅቶለት፣ አልጋ ላይ መተኛቱን አያውቀውም።

ስለዚህ የተከበራችሁ አድማጮች፣ ከዚህ ንግግር ይዛችሁ የምትሄዱት አንድ ነገር ብቻ ይሁን። በሌላ ጕዳይም ቢሆን ሐኪም ቤት ስትሄዱ፣ ከመውጣታችሁ በፊት «የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ ተደርጎልኝ አያውቅም፤ ይደረግልኝ» በሉ።